ፌጦ በቆላማ አካባቢ፦ መቼና እንዴት ይዘራል?

ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤያት፣ ለካህናትና ለልማት ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ፌጦ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ቀይ ቡናማ የሆነው ጥቃቅን ዘሩ በእናቶቻችን ጓዳ በጠርሙስ ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጣል። ሆድ ሲታወክ በሎሚ ተለውሶ ይወሰዳል፤ በጾም ወራትም ተፈጭቶና በውሃ ተበጥብጦ፣ ጨውና ሎሚ ታክሎበት እንጀራ ይፈተፈትበታል። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቀው ዘሩን ብቻ ነው። ቅጠሉም ምግብ መሆኑን፣ ያውም በተዘራ በሦስት ሳምንት ገደማ ለገበታ የሚደርስ ቅጠል መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። በአረብ አገሮች፣ በሕንድና በአውሮፓ ግን ለጋ ቅጠሉ እንደ ሰላጣ ይበላል።

ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቆላማ ሰበካ ለጾም የሚሆን የጓሮ አትክልት እንዲለማ ስንመክር፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ በመጋቢት ወር፣ ያለውን ዘር ሁሉ በአንድ ቀን አዘራን። ዘሩ በሦስተኛው ቀን በቀለ፤ ሁላችንም ደስ አለን። አራተኛው ሳምንት ሳይሞላ ግን ቡቃያው ቅጠሉን ሳያሰፋ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣና ነጭ አበባ አወጣ። የቀረው ጥቂት ቅጠልም እጅግ የሚያቃጥልና የጠነከረ ነበር። ውሃ ሲቀዱና ሲያጠጡ የሰነበቱት እናቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ የሰበካው ሽማግሌዎችም «ይህ መሬት ለፌጦ አይሆንም» ብለው ደመደሙ።

በተከታዩ ዓመት በዚያው መሬት ላይ፣ ከዚያው ገበያ በተገዛ ዘር፣ በኅዳር ወር እንደ ገና ሞከርን። ቅጠሉ ለመለመ፤ ሁለት ጊዜም ታጨደ። መሬቱ በደል አልነበረበትም፤ የሳትነው ጊዜውን ነበር። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በሙቅ አካባቢ ለፌጦ የሚስማማውን ጊዜ እንዴት እንደምንመርጥ፣ የጾሙ ጊዜና የፌጦው ጊዜ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩም ምን ማድረግ እንደምንችል እንመለከታለን።

1. የፌጦ ጠባይ

ፌጦ ከጎመንና ከሰናፍጭ ወገን ነው። በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ የሚያልቅ እንጂ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገር ተክል አይደለም። በዚህ አጭር ዕድሜው ሁለት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ቅጠሉን ያሰፋል፤ በሁለተኛው ግንዱን አስረዝሞ ያብባል፣ ዘርም ይቋጥራል። ቅጠል የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማስረዘም አለበት፤ ዘር የሚፈልግ ደግሞ ሁለተኛው እስኪፈጸም መታገሥ ይኖርበታል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚያስረዝመው ቅዝቃዜ ነው። ፌጦ ቅጠሉን በደንብ የሚያሰፋው የአየሩ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። ሙቀቱ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ፣ አፈሩም ሲደርቅ፣ ተክሉ ዕድሜው ያለቀ ይመስለውና ዘር ለመተው ይቸኩላል። በመጋቢት የዘራነው ፌጦ ያለ ጊዜው ያበበው በዚህ ምክንያት ነው። የቀን መርዘምም አበባን የሚያፋጥን ነገር ቢሆንም፣ በአገራችን የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ዋናው ጉዳይ ሙቀትና የውሃ እጥረት ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ጊዜ በመምረጥ፣ ጥላ በማበጀትና ውሃ በማጠጣት ልንቀንሳቸው እንችላለን።

2. በቆላ መቼ ይዘራ?

ከፍታቸው ከ1,500 ሜትር በታች በሆኑ፣ ዋናውን ዝናብ በክረምት በሚያገኙ አካባቢዎች ዓመቱን ለፌጦ ሲባል በአራት ከፍለን ብናየው ይጠቅማል።

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ፦ ይህ የፌጦ ቅጠል እውነተኛ ወቅት ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዝናቡ ስለቆመ የቅጠል በሽታ ይቀንሳል። ውሃ እስካለ ድረስ በዚህ ጊዜ የተዘራ ፌጦ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ይታጨዳል። ኅዳር 15 ለሚገባው ለጾመ ነቢያት በጥቅምት መጨረሻ መዝራት ነው።

ከየካቲት እስከ ግንቦት፦ ሙቀቱ እየበረታ የሚሄድበት ወቅት ነው። በገላጣ መደብ መዝራት ድካም ነው። በጥላ ሥር ግን፣ ጥቂት በጥቂት እየተዘራና በለጋነቱ እየታጨደ ይቻላል።

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፦ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ከባድ ዝናብ ጥቃቅኑን ዘር ጠርጎ ይወስዳል፤ ውሃ በሚተኛበት አፈርም ቡቃያው ከሥሩ ይበሰብሳል። መዝራት ግድ ከሆነ ከፍ ብሎ በተሠራ መደብ ላይ ይሁን።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ፦ ዘር ለማምረት የሚዘራበት ጊዜ ነው። ተክሉ በቀሪው እርጥበት ያድጋል፤ ዝናብ በሌለበት በታኅሣሥና በጥር ይደርቃል።

በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኙ ሰበካዎች ይህን የወር ስም እንዳለ ሳይወስዱ መርሑን ብቻ ይያዙ፤ ለቅጠል ሲሆን ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበትን ወራት፣ ለዘር ሲሆን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ያለውን ጊዜ ይምረጡ።

3. ባሕረ ሐሳብና የአትክልት መደብ

ችግሩ የሚነሣው በዐቢይ ጾም ነው። ምእመናን አትክልት አብዝተው የሚሹት በዚህ ጾም ሲሆን፣ ጾሙ የሚውለው ግን ቆላው በሚግልበት ወቅት ነው። ሆኖም ዐቢይ ጾም በየዓመቱ በአንድ ቀን አይገባም። ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ከአንድ ወር በላይ የሆነ ልዩነት ለፌጦ ትልቅ ነገር ነው።

ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት የመጀመሪያው ዘር የሚዘራው ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ በጥምቀት በዓል ዋዜማ ባሉት ቀናት ነው። ጾሙ በሚዘገይበት ዓመት ደግሞ የመጀመሪያው ዘር እስከ የካቲት አጋማሽ ይቆያል፤ የኋለኞቹ መደቦችም በሚያዝያ ሐሩር ላይ ይወድቃሉ። በዚያን ዓመት ጥላ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ይህን አስቀድመው የሚያውቁት ካህናት አባቶች ናቸው። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ተቆጥረው በመስከረም 1 ቀን ይታወጃሉ። የልማት ኮሚቴው በዚያው ሰሞን ከካህናቱ ጋር ተቀምጦ የጾሙን መግቢያ ቢይዝና ወደ ኋላ ቆጥሮ የመዝሪያውን ቀን ቢወስን፣ እኛ የሠራነውን ስሕተት አይሠራም።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ፌጦ ከተዘራ በ20 ቀን ገደማ ለአጨዳ ይደርሳል እንበል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መደብ ጾሙ ከመግባቱ 20 ቀን አስቀድመን፣ ከዚያም በየ10 ቀኑ አንድ መደብ እየዘራን ስድስት ጊዜ ብንዘራ፣ ከጾሙ መጀመሪያ እስከ ሰሙነ ሕማማት መግቢያ ድረስ ለጋ ቅጠል አይታጣም። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ለዚህ ይበቃሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ታጭደው ሲያልቁ ጥቂት ብስባሽ ተጨምሮባቸው ዳግመኛ ይዘራሉ። የዘሩ መጠንም ብዙ አይደለም። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢሰላ፣ ለስድስቱ ዙር በጠቅላላው 12 ማንኪያ፣ ማለትም ከአንድ ኩባያ ያነሰ ዘር ነው። ያለንን ሁሉ በአንድ ቀን ከመዝራት ይልቅ ከፋፍሎ መዝራት ማለት ይህ ነው።

4. እንዴት ይዘራ?

ዘሩን መፈተን፦ በገበያ የሚሸጠው ፌጦ ለመድኃኒትነት ወይም ለምግብ የተቀመጠ ስለሆነ አንዳንዴ ያረጀ ይሆናል። ከመዝራት በፊት 20 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ላይ እናስቀምጥ። በአራተኛው ቀን ከ15 በላይ ከበቀሉ ዘሩ መልካም ነው። ከ10 በታች ከሆኑ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል። በተባይ ማጥፊያ ኬሚካል የታሸ ዘር ግን ቅጠሉን በለጋነቱ ለመብላት ፈጽሞ አይዘራ።

ቦታ መምረጥ፦ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከቀትር በኋላ ግን ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይመረጣል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጥላ በምሥራቅ በኩል ለሚገኝ መደብ ከቀትር በኋላ ይደርስለታል፤ ሆኖም ለመደብ ተብሎ አንድም ዛፍ አይቆረጥ፣ የመቃብር ስፍራም አይነካ። ባሕር ዛፍ አጠገብ ያለ ቦታ አፈሩን ስለሚያደርቅ አይመከርም።

መደብ ማዘጋጀት፦ አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ፣ ጓሉን አድቅቆ፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ መቀላቀል ነው። ቅጠሉ ጥሬውን ስለሚበላ ትኩስ ፍግ አይጨመርበት።

መዝራት፦ የፌጦ ዘር እርጥበት ሲነካው እንደ ተልባ ልጋግ ያወጣል፤ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ስለዚህ ዘሩ በውሃ አይዘፍዘፍ። በደረቁ ከእጥፉ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ በመስመር ወይም በብተና መዝራት፣ ከዚያም ግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ የተነፋ አፈር መሸፈን ይበቃል። ጠልቆ የተቀበረ ፌጦ አይወጣም። ከላይ ስስ የሣር ጉዝጓዝ ይደረግለትና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብቅ ሲል ሣሩ ይነሣለታል። ሣሩ ሳይነሣ ከዘገየ ቡቃያው ቀጥኖና ገርጥቶ ይወድቃል።

ማጠጣት፦ ቡቃያው እስኪጠነክር ባሉት የመጀመሪያ ቀናት አፈሩ ከቶ መድረቅ የለበትም። ጠዋት በማለዳና ወደ ማታ፣ ቀዳዳው በጠበበ ማጠጫ፣ በቀስታ ይጠጣ። በቀትር ማጠጣት ውሃውን ለፀሐይ ማበርከት ነው።

ማጨድ፦ ቁመቱ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ከመሬት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ በመቀስ ወይም በስለታም ቢላዋ መቁረጥ ነው። ከሥሩ ካልተነቀለ በብርዱ ወራት ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። በሙቀት ወራት ግን አንድ ጊዜ ማጨድ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ስንጠብቅ አበባው ይቀድመናል።

5. ሙቀቱ ሲበረታ

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ጥላው የሚሠራው ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ነው። በአራት ባላ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ የማሽላ አገዳ መረብረብ ይበቃል። አገዳው ብርሃኑን ሁሉ እንዳይከለክል እየተራራቀ ይደርደር። በምሥራቅ በኩል ክፍት ሆኖ የጠዋት ፀሐይ ይግባ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ እስከ ታች ይሸፈን፤ ቡቃያውን የሚገርፈው የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነውና።

ሐሩሩ ከዚህም በላይ ከሆነ፣ ወይም ውሃ በጣም ካነሰ፣ ፌጦን በዕቃ ማብቀል ይቻላል። ከሥሩ የተበሳ ሰፊና ንጹሕ ዕቃ ወስዶ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የተነፋ አፈርና ብስባሽ መሙላት፣ ዘሩን ጥቅጥቅ አድርጎ መነስነስ፣ ጥቂት ውሃ ማርከፍከፍና እስኪበቅል ሁለት ቀን ሸፍኖ በቤት ጥላ ማኖር ነው። ከዚያም ብርሃን በሚያገኝበት፣ ፀሐይ ግን በማይመታው በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ሁለት ትንንሽ ቅጠል እንዳወጣ ታጭዶ ይበላል። እስከ አበባ የሚያደርሰው ዕድሜ ስለማያገኝ ሙቀቱ አያሸንፈውም። ይህ ዘዴ መሬት ለሌላቸው አረጋውያንና በቤተ ክርስቲያን አጸድ ለሚኖሩ የአብነት ተማሪዎችም የሚመች ነው።

ከተባይ ወገን ቅጠሉን እንደ ወንፊት የሚበሱ ጥቃቅን ጥንዚዛዎችና ክሽክሽ ይመጡበታል። ሦስት ሳምንት ብቻ ለሚቆይና ጥሬውን ለሚበላ ቅጠል መድኃኒት መርጨት አይገባም። ስስ ጨርቅ መሸፈን፣ በዐመድ ማልበስና ከማጨድ በኋላ በደንብ ማጠብ፣ ከሁሉም በላይ ፌጦን፣ ጎመንንና ሰናፍጭን በአንድ መደብ ላይ በየዓመቱ አለመደጋገም ይጠቅማል።

6. ለከርሞ ዘር ማስቀረት

ዘሩን ሁልጊዜ ከገበያ የሚገዛ ሰበካ የራሱ አትክልት አለው ለማለት ያስቸግራል። በመስከረም ወር አንድ መደብ ለዘር ብቻ ይለይ። በመስመሮች መካከል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ በስሱ ይዘራ፤ ቅጠሉም አይታጨድ። በአንዳንድ አካባቢ ገበሬዎች ፌጦን በጤፍ ማሳ ውስጥ ወይም በዳሩ ይዘሩታል፤ ይህም ጥሩ ልማድ ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ተክሉ ይቢጫል፤ ጠፍጣፋና ክብ ቅርጽ ያላት እያንዳንዷ ፍሬም ሁለት ዘር ትይዛለች። ፍሬው ፈጽሞ እስኪደርቅ ከተጠበቀ ተፈንክቶ ዘሩ ይረግፋል። ስለዚህ አብዛኛው ቡናማ ሲሆን በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ አጭዶ፣ በሸራ ላይ አድርቆ መውቃትና በሰፌድ ማንፈስ ነው። በደንብ ደርቆ በተከደነ ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር ለጥቂት ዓመታት ይበቅላል።

7. ስለ ጤንነት መታወቅ ያለበት

ለጋው የፌጦ ቅጠል በጾም ወራት የሚያስፈልጉንን ቫይታሚን ሲንና ብረትን ይሰጣል። እናቶቻችን ፌጦን ከሎሚ ጋር ማዋደዳቸው ጥበብ አለበት፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንዲቀበል ይረዳልና። በአንጻሩ ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ያንኑ ብረት ይቀንሳል፤ ቡናውን ጥቂት ማዘግየት መልካም ነው። ቅጠሉ ጥሬውን የሚበላ እንደመሆኑ የሚጠጣበትም የሚታጠብበትም ውሃ ንጹሕ ይሁን።

ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው። ፌጦ የሚበቅልበት ቆላ የወባም አገር ነው። ሕፃን ሲያተኩሰው በፌጦ ማሸትና ፌጦ ማጠጣት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ፌጦ ወባን አያድንም። ትኩሳት የያዘው ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ተወስዶ ደሙ መመርመር አለበት፤ የአንድ ቀን መዘግየት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የተፈጨ ፌጦ በቆዳ ላይ ብዙ ሲቆይም ያቃጥላል፤ በተለይ የሕፃናትን ገላ ይጎዳል። ነፍሰ ጡር እናቶችም ዘሩን በብዛት ከመውሰድ ይቆጠቡ። ምእመናን የካህናትን ቃል ይሰማሉና፣ አባቶች ይህን በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ ከማንኛውም መደብ የሚበልጥ ፍሬ ያገኙበታል።

ማጠቃለያ

ሰናፍጭ ታናሽነቷ በቅዱስ ወንጌል ምሳሌ ሆኖ ተነግሯል፤ ፌጦም ለእርሷ ዘመድ ነው። ከታናሽ ዘር የሚገኘው በረከት የሚወሰነው ግን በጊዜው በመዝራት ነው። ያ ሰበካ መሬቱን በከንቱ ወቅሶ ሊተወው ተቃርቦ ነበር። እንዲህ ጊዜው ሳይታወቅ ተሞክሮ «አይሆንም» የተባለ ስንት መሬት በየአካባቢያችን ይኖር ይሆን? በዚህ ዓመት አንዲት መደብ፣ በጊዜዋ እንሞክር።

ለኮሚቴ ውይይት

ሀ. በአካባቢያችን ሌሊቱ የሚቀዘቅዘው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ነው? በእነዚያ ወራት የምናገኘው ውሃ ስንት መደብ ያጠጣል?

ለ. በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም የሚገባው መቼ ነው? ወደ ኋላ 20 ቀን ስንቆጥር የመጀመሪያው የመዝሪያ ቀን በምን ቀን ይውላል? ጥላውን ማን ይሠራል?

ሐ. ከዚህ በፊት ተዘርቶ «መሬቱ አይሆንም» ተብሎ የቀረ አትክልት አለን? በየትኛው ወር ነበር የተዘራው?

መ. ከሚታጨደው ቅጠል ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለአብነት ተማሪዎች የሚደርሰውን ድርሻ እንዴት እንወስን?

የእጃችሁን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክ።